መቃብሩ ያልታወቀው አባት፤ ቅዱስ እንጦንስና የትንሣኤ ተስፋ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ቅድስት ቤተ ክርስቲያናችን በየዓመቱ ጥር 22 ቀን የዕረፍቱን መታሰቢያ የምታደርግለት ቅዱስ እንጦንስ የመነኮሳት አባት በመባል ይታወቃል። ስሙ ሲነሣ ብዙዎቻችን የምናስበው ስለ በረሓ፣ ስለ ቆብና አስኬማ፣ ከአጋንንት ጋር ስላደረገው ተጋድሎ ነው። በዚህም ምክንያት ትዳር መሥርተን፣ ልጅ እያሳደግን፣ ሥራ ውለን የምንገባ ምእመናን የእርሱ ሕይወት ለመነኮሳት ብቻ የተጻፈ ይመስለንና በአክብሮት አልፈነው እንሄዳለን። ገድሉን ከመጀመሪያው ገጽ ስናነብ ግን የምናገኘው መነኩሴ አይደለም። እናትና አባቱን ያጣ፣ ታናሽ እኅቱን የያዘ፣ ብዙ ርስት የወረሰ፣ በዚህ ሁሉ መካከል የሚኖረው ለምን እንደሆነ የሚያስብ ወጣት ነው። ይህ ጥያቄ ዛሬም በየቤታችን አለ። የለቅሶው ድንኳን ከፈረሰ፣ ዘመድ ወዳጁም ከተበተነ በኋላ ብቻችንን ስንቀር የሚመጣው ጥያቄ ይኸው ነው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የቅዱስ እንጦንስን ሕይወት የምንመለከተው ከሞት አንጻር ነው። ጉዞው በወላጆቹ ሞት የጀመረ፣ በቁሙ በመቃብር ውስጥ የኖረ፣ በመጨረሻም የራሱ መቃብር እንዳይታወቅ አዝዞ ያረፈ አባት ነውና።

ገድሉን የጻፈልን ሃያኛው የእስክንድርያ ፓትርያርክ ቅዱስ አትናቴዎስ ሐዋርያዊ ነው። ለሀገራችን የመጀመሪያውን ጳጳስ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን ሾሞ የላከልንም እርሱ ነው። ገድሉ የተጻፈው ቅዱስ እንጦንስ በ356 ዓ.ም. ካረፈ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሲሆን በዚያ ወቅት ቅዱስ አትናቴዎስ ራሱ ከንጉሡ ከቆስጠንጢዮስ ወታደሮች ሸሽቶ በግብፅ በረሓ በመነኮሳት መካከል ተሸሽጎ ነበር። የሚታደን ሰው ሞትን ስላልፈራ ሰው ጻፈ ማለት ነው። መጽሐፉም ከግሪክ ቋንቋ ወደ ላቲን ተተርጕሞ ርቆ ተጓዘ። በ386 ዓ.ም. በሚላን ከተማ ልቡ በሁለት ሐሳብ ተከፍሎ ይባዝን የነበረው አውግስጢኖስ ወደ ክርስቶስ የተመለሰው የእንጦንስን ታሪክ ከአንድ እንግዳ አፍ በሰማበት ዕለት ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቈጣጠር ሲሆኑ የበዓላቱ ቀናት ግን በእኛው ናቸው።)

ወላጆቹን ያጣው ወጣት

ቅዱስ እንጦንስ በ251 ዓ.ም. ገደማ በግብፅ፣ ቆማ በምትባል መንደር ከክርስቲያን ወላጆች ተወለደ። ወላጆቹ ባለጸጎች ነበሩ። ልጁ ግን ከእኩዮቹ ጋር ተቀምጦ ፊደል ለመቍጠር አልወደደም። ከቤት መዋልን፣ ከወላጆቹ ጋር ቤተ ክርስቲያን መሄድን፣ በዚያም የሚነበበውን በጥሞና መስማትን ይመርጥ ነበር። ዕድሜው 18 ወይም 20 ዓመት በሆነ ጊዜ አባቱም እናቱም ዐረፉ። ቤቱና እርሻው፣ የታናሽ እኅቱም አደራ በእርሱ ጫንቃ ላይ ወደቀ። እርሻው ጥቂት አልነበረም፤ 300 አሩራ ለም መሬት ነው፤ በሀገራችን በቀድሞው አለካክ ወደ ሁለት ጋሻ ይጠጋል። የዓባይ ውኃ በሚያጠጣት በግብፅ ይህን ያህል መሬት ያለው ሰው ስለ ነገ እንጀራው የሚጨነቅበት ምክንያት አልነበረውም።

ሆኖም ሞት በቤቱ ገብቶ ወጥቷል። ስድስት ወር ሳይሞላ አንድ ቀን እንደ ልማዱ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ በልቡ የሚያወጣውና የሚያወርደው ነገር ነበር። ሐዋርያት ሁሉን ትተው ጌታን እንዴት እንደ ተከተሉት፣ በሐዋርያት ሥራ ታሪካቸው የተጻፈው ምእመናንም ያላቸውን ሸጠው ዋጋውን በሐዋርያት እግር ሥር እንዴት እንዳኖሩ፣ በሰማይም የተጠበቀላቸው ተስፋ ምን ያህል ታላቅ እንደሆነ ያስብ ነበር። እዚህ ላይ ልብ ማለት ይገባል። ወጣቱ የዓለምን ክፋት በመቍጠር አልጀመረም፤ የጀመረው ከተስፋ ነው። እነዚያ ሰዎች እጃቸውን ከርስታቸው ላይ ማንሣት የቻሉት ከርስታቸው የሚበልጥ ምን ቢያዩ ነው የሚለው አሳብ ነበር መንገዱን ሁሉ የያዘው።

ይህን እያሰበ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ወንጌል ይነበብ ነበር። የተነበበውም ጌታችን ያን ባለጸጋ ወጣት ፍጹም ለመሆን ከወደደ ያለውን ሸጦ ለድሆች እንዲሰጥና እንዲከተለው ያዘዘበት የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 19 ነው። እንጦንስ ቃሉ ለእርሱ ብቻ እንደ ተነበበ ቈጠረው። ያን ዕለት በዚያች የመንደር ቤተ ክርስቲያን ወንጌሉን የሰማ እርሱ ብቻ እንዳልነበረ ግን ግልጽ ነው። ሌሎቹም ቆመው ሰምተዋል፤ ከቅዳሴ በኋላም ወደየቤታቸው ተመልሰዋል። እኛም ይህን ምንባብ ስንት ጊዜ ሰምተን ስንት ጊዜ እንደ ተመለስን ልባችን ያውቀዋል። በወንጌል የተነገረለት ወጣት ብዙ ሀብት ነበረውና እያዘነ ሄደ፤ የቆማው ወጣትም ብዙ ሀብት ነበረውና እየቸኰለ ወጣ። መሬቱን ለመንደሩ ሰዎች ሰጠ፤ የሚንቀሳቀሰውን ንብረት ሸጦ ገንዘቡን ለድሆች አከፋፈለ፤ ጥቂቱን ግን ለእኅቱ አስቀረላት።

ደግሞ ሌላ ቀን ጌታችን ስለ ነገ እንዳንጨነቅ ያስተማረው ቃል ሲነበብ ሰማ። ያን ጊዜ ያስቀረውንም ሰጠና እኅቱን የሚያውቃቸው፣ በሃይማኖታቸው የታመኑ ደናግል እንዲያሳድጓት ዐደራ ሰጥቶ እርሱ ወደ ተጋድሎ ወጣ። በዚህ ቦታ ላይ ገድሉን የሚያነቡ ብዙ ሰዎች ቅር ይላቸዋል፤ እኅቱን ጥሏት ሄደ ይላሉ። ጥያቄው አግባብ ያለው ስለሆነ አንሸሸውም፤ መልሱን ግን ገድሉ ራሱ ከብዙ ዓመታት በኋላ ይመልሰዋልና እዚያ ስንደርስ እናገኘዋለን።

በዚያ ዘመን በግብፅ እንደ ኋላው ዘመን የተስፋፋ ገዳም አልነበረም። ለነፍሱ የሚያስብ ሰው ከመንደሩ ጥቂት ራቅ ብሎ ብቻውን ይኖር ነበር። በአጠገቡ ባለች መንደር ከልጅነቱ ጀምሮ እንዲህ የኖረ አንድ ሽማግሌ ነበረና እንጦንስ ወደ እርሱ እየሄደ ተማረ። ደግ ሰው አለ ሲሉት እንደ ንብ ወደዚያ ይሄድ ነበር፤ ከአንዱ ትዕግሥትን፣ ከአንዱ ጸሎትን፣ ከአንዱ ጾምን፣ ከሌላው ርኅራኄን እየቀሰመ ይመለስ ነበር። በእጁ ይሠራል፤ ካገኘው በከፊሉ እንጀራ ይገዛል፤ የተረፈውን ለድሆች ይሰጣል። ፊደል ያልቈጠረ ቢሆንም የሚሰማው የመጽሐፍ ቃል አንድም በምድር አይወድቅበትም ነበርና ልቡናው እንደ መጽሐፍ ሆነለት።

ሰይጣንም ተነሣበት። ፈተናው ሁሉ በዝሙት አሳብ የጀመረ ይመስለናል፤ ቅዱስ አትናቴዎስ በቅደም ተከተል የጻፈው ግን ሌላ ነው። መጀመሪያ የመጣበት የተወው ርስት ትዝታ፣ የእኅቱ አሳብ፣ የዘመድ ፍቅር፣ የገንዘብና የክብር ናፍቆት፣ ከዚያም የሥጋው ድካምና የዘመኑ ርዝመት ነው። ይህን ሁሉ ዓመት እንዴት ትዘልቀዋለህ የሚለው አሳብ ዛሬም ስንቱን ከመንገድ ያስቀራል! እርሱ ያሸነፈው ዘመኑን በማሳጠር ነው። ትናንት የደከመውን አይቈጥርም፤ የሚመጣውንም ዓመት አያይም፤ በየማለዳው ዛሬ እንደ ጀመረ ሰው ይነሣል። የዝሙት ፈተና የመጣው ከዚህ በኋላ ነው፤ በዚያም ድል አላደረገውም።

በመቃብር ውስጥ

ግብፅ ለሞት ብዙ የደከመች ሀገር ናት። ነገሥታቷ በሕይወት ሳሉ የኖሩበት ቤተ መንግሥት ፈርሶ የተቀበሩበት ፒራሚድ ግን ቆሟል። ሬሳ እንዳይፈርስ በጨው አድርቀው፣ በበፍታ ጠቅልለው፣ ወርቅና እህል ከጎኑ አኑረው ይዘጉበት ነበር። መቃብሮቹም ብዙዎቹ እንደ ቤት ክፍልና በር ያላቸው ነበሩ። እንጦንስ ከመንደሩ ራቅ ካሉት መቃብሮች ወደ አንዱ ሄደ። ወዳጁ በየጊዜው እንጀራ እንዲያመጣለት ነግሮት ገባ፤ በሩንም አዘጋ። አባቶቹ ሙታንን ከነሀብታቸው ያስገቡበት ወደ ነበረው ቤት እርሱ በሕይወት ሳለ ባዶ እጁን ገባበት።

አጋንንት በሌሊት መጥተው እስኪዘረር ደበደቡት። ወዳጁ እንጀራ ይዞ ሲመጣ እንደ ሞተ ሰው ወድቆ አገኘው፤ ተሸክሞም ወደ መንደሩ ቤተ ክርስቲያን አመጣው። ዘመዶቹና የመንደሩ ሰዎች ሬሳ እንደሚጠብቅ ሰው ከበውት ተቀመጡ። እኩለ ሌሊት ላይ ነቃ። ዙሪያውን ሲያይ ሁሉም ተኝተዋል፤ የነቃው ያ ወዳጁ ብቻ ነው። በጥቅሻ ጠርቶ ሌላውን ሰው ሳይቀሰቅስ ተሸክሞ ወደ መቃብሩ እንዲመልሰው ለመነው። ተመለሰም። ከቍስሉ የተነሣ መቆም ስላልቻለ ተኝቶ ጸለየ። አጋንንቱ ዳግመኛ በአንበሳ፣ በነብር፣ በእባብ፣ በጊንጥ፣ በተኵላ አምሳል ቤቱን ሞሉት። ቀና ብሎ ሲያይ ጣሪያው የተከፈተ ያህል የብርሃን ጨረር ወረደ፤ አጋንንቱ ተበተኑ፤ ሕመሙም ተወው። ጌታን እስከ አሁን ወዴት እንደ ነበረ፣ ለምንስ ከመጀመሪያው እንዳልታየው ጠየቀ። የተሰጠው መልስ ጌታ ከመጀመሪያውም በዚያው እንደ ነበረ፣ ተጋድሎውን ለማየት እንደ ቆየም የሚገልጽ ነበር። ያን ጊዜ ዕድሜው 35 ዓመት ገደማ ነው።

ይህን ክፍል በሐዘን ላይ ያለ ሰው ቢያነበው መልካም ነው። ጻድቅ ሰው አምላኩን ወዴት ነበርህ ብሎ መጠየቁ እንደ ክሕደት አልተቈጠረበትም። የተጠየቀውም አምላክ ራሱ በመቃብር ያደረ ነው። ጌታችን በመቃብር ሦስት መዓልትና ሦስት ሌሊት ባያድር ኖሮ የእንጦንስ ወደ መቃብር መግባት ከንቱ ድፍረት በሆነ ነበር።

በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት አንድ ሰው ሲመነኵስ እንደ ሙት ተቈጥሮ የፍትሐት ጸሎት እንደሚደረግለት የታወቀ ነው። ሥርዓቱን ያዩ ሁሉ ልባቸው ይነካል፤ በሕይወት ያለ ልጃቸው የሙታን ጸሎት ሲጸለይለት ያዩ እናቶችማ እንባቸውን አይገቱም። ገድላት እንደሚነግሩን የምንኵስናው ሐረግ ከእንጦንስ ወደ መቃርስ፣ ከመቃርስ ወደ ጳኵሚስ፣ ከጳኵሚስ ወደ አቡነ አረጋዊ፣ ከዚያም ትውልድ ቈጥሮ ወደ አቡነ ኢየሱስ ሞአና ወደ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ይደርሳል። የሀገራችን መነኵሴ በቁሙ ሲፈታ የሚገባው በዚያው በእንጦንስ መቃብር በር ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

ከመቃብሩ ወጥቶ ያን ሽማግሌ አብሮት ወደ በረሓ እንዲሄድ ለመነው፤ ሽማግሌው ስለ ዕድሜው፣ እንዲህ ያለ ልማድም ገና ስላልነበረ አልሄደም። እንጦንስ ብቻውን ወንዙን ተሻግሮ በአንድ የፈረሰ ምሽግ ውስጥ ለ20 ዓመት ያህል ዘግቶ ኖረ። እንጀራ በዓመት ሁለት ጊዜ በጣሪያ በኩል ይወርድለት ነበር። በመጨረሻ ሊያዩት የናፈቁ ሰዎች በሩን ሰብረው ሲገቡ ሥጋው በመቀመጥ አልወፈረም፤ በጾምም አልጠፋም፤ ፊቱም ሕዝብ አይቶ አልደነገጠም፤ ስለ መሰገኑም አልተኵራራም። ከዚያ በኋላ ሕሙማንን ፈወሰ፤ ያዘኑትን አጽናና፤ የተጣሉትን አስታረቀ። 20 ዓመት ከሰው ተለይቶ የኖረ ሰው ሲወጣ መጀመሪያ ከያዛቸው ሥራዎች አንዱ የተጣሉትን ማስታረቅ ነበር። በእርሱም ምክንያት በረሓው በመነኮሳት ተሞልቶ እንደ ከተማ ሆነ።

ዕለት ዕለት መሞት

መነኮሳቱን ካስተማራቸው ብዙ ነገር አንዱን ብቻ እናንሣ። ቅዱስ ጳውሎስ ዕለት ዕለት ስለ መሞት የጻፈውን ይዞ ማለዳ ሲነሡ እስከ ማታ እንደማይቆዩ፣ ማታ ሲተኙም እንደማይነሡ እንዲያስቡ ይመክራቸው ነበር። ይህ ምክር ሲሰሙት ጨለማ ይመስላል። ነገር ግን ቅዱሱ ራሱ ፍሬውን ሲያስረዳ እንዲህ የሚያስብ ሰው በማንም ላይ ቂም እንደማይዝ፣ በምድር ላይ እንደማያከማች፣ ለሁሉ ይቅር እንደሚል ነግሯቸዋል። አንድ ሰው 80 ወይም 100 ዓመት ቢጋደል የሚነግሠው 100 ዓመት ብቻ እንዳልሆነ፣ መቶ የወርቅ ድራክማ ለማግኘት አንዲት የመዳብ ድራክማ የሚተው ሰው ከሰረ እንደማይባልም አስተምሯቸዋል።

እርሱ ትምህርቱን በሥራ ያሳየበት ጊዜ ደግሞ ሩቅ አልነበረም። በ311 ዓ.ም. መክሲሚኖስ በግብፅ ክርስቲያኖች ላይ ስደት ሲያስነሣ ከበረሓ ወጥቶ ወደ እስክንድርያ ወረደ። በማዕድን ጕድጓድና በወኅኒ የነበሩትን አገለገለ፤ በፍርድ አደባባይ የቆሙትን አበረታ፤ እስከ ሞት ቦታ አብሯቸው ሄደ። ዳኛው ይህን አይቶ መነኮሳት በከተማው እንዳይታዩ አዘዘ። ሌሎቹ ተሸሸጉ፤ እንጦንስ ግን ልብሱን አጥቦ በማግሥቱ ዳኛው በሚያልፍበት ከፍ ያለ ቦታ ቆመ። ራሱን አሳልፎ አልሰጠም፤ አልተሸሸገምም። ማንም አልነካውም። ቅዱስ ጴጥሮስ ተፍጻሜተ ሰማዕት ኅዳር 29 ቀን አንገቱን ለሰይፍ ሰጥቶ ስደቱ ሲያቆም እንጦንስ ሰማዕትነት ስላልተሰጠው እያዘነ ወደ በዓቱ ተመለሰ፤ በዚያም በየዕለቱ በኅሊናው ሰማዕት ሆኖ ኖረ።

ሕዝቡ ሲበዛበት ከዐረብ ነጋድያን ጋር ሦስት መዓልትና ሦስት ሌሊት ተጕዞ በቀይ ባሕር አቅጣጫ ወደሚገኘው ተራራ ሄደ። ከሥሩ ቀዝቃዛ ምንጭና ጥቂት ዘንባባ ነበረ። ዛሬም በስሙ የሚጠራው ገዳም በዚያው ተራራ ሥር አለ፤ ጵጵስና ተሹመው ወደ ሀገራችን ከመጡት ግብፃውያን አባቶችም አንዳንዶቹ ከዚያ የወጡ ናቸው። እንጦንስ ወንድሞች እንጀራ ተሸክመው እንዳይደክሙበት ዶማ፣ መጥረቢያና ጥቂት ስንዴ አስመጥቶ መሬት ቈፍሮ ዘራ፤ ደክሞት ለሚመጣ እንግዳም አትክልት ተከለ። አውሬዎች ውኃ ሊጠጡ እየመጡ አዝመራውን ሲያበላሹበት አንዱን ቀስ ብሎ ያዘና እርሱ ሳይበድላቸው ለምን እንደሚበድሉት ጠየቃቸው። ከዚያ በኋላ አልቀረቡም። በትንሣኤ ተስፋ የሚኖር ሰው ምድርን የሚጠላ ለሚመስለው ሁሉ የዚህን ሽማግሌ ጓሮ ማየት ይበቃዋል።

በበረሓ ሳለ ልቡ በስንፍናና በብዙ አሳብ የተጨነቀበት ጊዜም ነበር። እንዴት እንደሚድን እግዚአብሔርን ሲጠይቅ እርሱን የሚመስል ሰው ተቀምጦ ሰሌን ሲታታ፣ ከዚያ ተነሥቶ ሲጸልይ፣ ደግሞ ተቀምጦ ሲሠራ አየ። እርሱም የእግዚአብሔር መልአክ ነበር። ለዚያ ታላቅ አባት ጭንቀት የተሰጠው መልስ ሥራና ጸሎት ነው፤ ሌላ ጥልቅ ምስጢር አልተነገረውም። የሕይወታቸው ትርጕም በአንድ ትልቅ ራእይ እንዲገለጥላቸው ሲጠብቁ ዕድሜያቸው ለሚያልቅ ወጣቶቻችን ይህ ታሪክ ቢነገራቸው እንወዳለን።

ከዚህም የሚደንቀው አባቶች በቃል ያቆዩልን ሌላ ታሪክ ነው። ለእንጦንስ በበረሓ ሳለ በከተማ ከእርሱ ጋር የሚተካከል ሰው እንዳለ ተገለጠለት። ያ ሰው ሐኪም ነበር። ከሚያስፈልገው የተረፈውን ለድሆች ይሰጣል፤ በየዕለቱም ከመላእክት ጋር ሥሉስ ቅዱስ እያለ ያመሰግናል። ስሙ አልተጻፈም። በመቃብር የኖረው አባትና ሕሙማንን ሲያክም የዋለው ሰው በእግዚአብሔር ፊት አንድ ሚዛን ላይ ተቀመጡ።

አሁን ወደ እኅቱ እንመለስ። ቅዱስ አትናቴዎስ ስለ እርሷ የጻፈው በአንድ ዐረፍተ ነገር ነው፤ ስንኳን ስሟን አልነገረንም። እንጦንስ ከተራራው ወርዶ መነኮሳቱን ሊጐበኝ በመጣ ጊዜ እኅቱን በድንግልና ኖራ አርጅታ፣ የሌሎች ደናግል እመቤት ሆና አገኛትና ደስ አለው። ሁለት የሙት ልጆች በየራሳቸው መንገድ ሄደው፣ እርሱ የወንዶች አባት፣ እርሷ የደናግል እናት ሆነው በሽምግልና ተያዩ።

የንጉሥ ደብዳቤና የአርዮስ ክሕደት

ዝናው ወደ ቤተ መንግሥት በደረሰ ጊዜ ንጉሡ ቈስጠንጢኖስና ልጆቹ ደብዳቤ ላኩለት። መነኮሳቱ ተደነቁ። እርሱ ግን ንጉሥም ሰው ስለሆነ መጻፉ እንዳያስደንቃቸው፣ ይልቁንስ እግዚአብሔር ለሰው ሕግን መጻፉና በልጁ መናገሩ እንዲያስደንቃቸው ነገራቸው። በኋላ ለንጉሡ በመለሰው መልእክትም የሚመጣውን ፍርድ እንዲያስብ፣ እውነተኛና ዘለዓለማዊ ንጉሥ ክርስቶስ ብቻ እንደሆነ እንዲያውቅ፣ ለድሆችም እንዲያስብ መከረው።

አርዮሳውያን ቅዱሱ ከእነርሱ ጋር እንደሆነ ባስወሩ ጊዜ ደግሞ በ338 ዓ.ም. ገደማ፣ በ87 ዓመት ዕድሜው፣ እንደገና ወደ እስክንድርያ ወርዶ በአደባባይ አወገዛቸው። ወልድ ፍጡር እንዳልሆነ፣ ከአብ ጋር በባሕርይ አንድ እንደሆነ መሰከረ። ይህ ለእርሱ የሊቃውንት ክርክር ብቻ አልነበረም። መቃብር ገብቶ የወጣው አምላክ ካልሆነ ከመቃብር የሚያወጣን ማን ነው? አርዮስ የነካው የሙታንን ተስፋ ነበርና አረጋዊው ከተራራው ወረደ።

አዝዞት ያረፈው ነገር

በዚያ ዘመን በግብፅ ከአሮጌው ልማድ የተረፈ ነገር ነበር። ክርስቲያኖች ሳይቀሩ የደጋግ ሰዎችን በተለይም የሰማዕታትን ሥጋ በበፍታ ገንዘው ከምድር በታች አያኖሩትም፤ በአልጋ ላይ አድርገው በቤታቸው ያስቀምጡት ነበር። ክብር የሰጧቸው ይመስላቸዋል። እንጦንስ ይህን አጥብቆ ይቃወም ነበር፤ ጳጳሳቱም ሕዝቡን እንዲያስተምሩ ይለምን ነበር። የአበውና የነቢያት ሥጋ በመቃብር መቀመጡን፣ ከሁሉ የሚበልጠው የጌታ ሥጋም በመቃብር መኖሩንና በድንጋይ መዘጋቱን እያነሣ ያስረዳ ነበር። በዚህ የተነሣ ብዙዎች ሙታናቸውን ቀበሩ። ቤተ ክርስቲያን የቅዱሳንን ዐፅም የምታከብር መሆኗን ይህ አይነካውም፤ እርሱ የተቃወመው በምድር አደራ አለማስቀመጥን ነው። ዘር ያልተዘራበት እርሻ አይበቅልምና።

የእኛም ዘመን የራሱ በፍታ አለው። ፍትሐቱ፣ ቍርባኑ፣ ለድሆች የሚደረገው ተዝካር የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ነው፤ ለሙታን ይጠቅማል። ነገር ግን በአጥቢያው ድሀ እየተራበ በመቃብር ላይ የሚቆመው የእምነ በረድ ውድድር፣ ለሐውልቱ ቁመት የሚደረገው ክርክር ከትንሣኤ ተስፋ የመጣ አይመስለንም። ይልቁንም ፈርዖኖች ፒራሚድ ያቆሙበትን ፍርሃት ይመስላል።

ቅዱሱ ከዚህ ቀደም ሌላ ሰው ቀብሯል። በስንክሳር በየካቲት 2 የሚታሰበውን የመጀመሪያውን ባሕታዊ አባ ጳውሊን በበረሓ ፈልጎ አግኝቶ፣ አብሮት እንጀራ ቈርሶ፣ ሲያርፍም ገንዞ የቀበረው እርሱ ነው። አሁን ተራው የራሱ ነበር።

105 ዓመት በሆነው ጊዜ በውጭው ተራራ ያሉትን መነኮሳት ጐበኘና ይህ የመጨረሻ ጕብኝቱ እንደሆነ ነገራቸው። እነርሱ አለቀሱ፤ አቅፈው ሳሙት። እርሱ ግን ከባዕድ ከተማ ወደ ሀገሩ እንደሚሳፈር ሰው ደስ ብሎት ይናገራቸው ነበር። ከእነርሱ ጋር ሆኖ እንዲያርፍ ቢለምኑት እንቢ አለ፤ ሥጋውን ወስደው በቤት እንዳያኖሩት ያውቅ ነበርና። ፈጥኖ ወደ ተራራው ተመለሰ። ከጥቂት ወራት በኋላም ታመመ።

በዚያ 15 ዓመት ያህል አብረውት የኖሩ፣ ስለ እርጅናው የሚያገለግሉት ሁለት ደቀ መዛሙርት ነበሩ። ጠርቶ አዘዛቸው። ሥጋውን ማንም ወደ ግብፅ መንደሮች እንዳይወስደው፣ እነርሱ ብቻ በምድር እንዲቀብሩት፣ ቦታውን ከእነርሱ በቀር ማንም እንዳያውቀው አደራ አላቸው። በትንሣኤ ሙታን ሥጋውን የማይፈርስ ሆኖ ከመድኃኒታችን እጅ እንደሚቀበለውም ነገራቸው። ከዚያ ንብረቱን ተናዘዘ። በ20 ዓመቱ 300 አሩራ መሬት ያከፋፈለው ሰው በ105 ዓመቱ የሚናዘዘው ጥቂት ልብስ ነበር። አንዱ የበግ ለምድና ተኝቶበት ያረጀው መጐናጸፊያ ለአትናቴዎስ፣ ሁለተኛው ለምድ ለኤጲስ ቆጶሱ ለሰራብዮን፣ የጠጕሩ ልብስ ለሁለቱ ደቀ መዛሙርት። መጐናጸፊያውን አስቀድሞ አዲስ ሳለ የሰጠው አትናቴዎስ ነበር፤ አሁን አርጅቶ ወደ ሰጪው ተመለሰ።

ተሰናበታቸው፤ ሳሙት። እግሩን ሰብስቦ ወዳጆቹ ወደ እርሱ እንደ መጡ ያህል ፊቱ በደስታ አብርቶ ዐረፈ። ዓይኑ እስከዚያ ዕለት አልፈዘዘም ነበር፤ ከጥርሱም አንድ አልወለቀም፤ ከዕድሜው ርዝመት የተነሣ እስከ ድዱ ከማለቁ በቀር። ሁለቱ ደቀ መዛሙርት እንዳዘዛቸው ገንዘው ቀበሩት፤ ለምዶቹንም ለባለቤቶቻቸው አደረሱ። ቅዱስ አትናቴዎስ ያን ለምድ እንደ ታላቅ ሀብት ጠብቆ ያዘው። ገድሉን እስከ ጻፈበት ቀን ድረስ ግን ቅዱሱ የተቀበረበትን ቦታ ከእነዚያ ከሁለቱ በቀር የሚያውቀው ሰው እንዳልነበረ መስክሯል።

የአባታችን የቅዱስ እንጦንስ ረድኤቱና በረከቱ አይለየን፤ አሜን።